ያልተሰበረው ጥጃ

መምህር ሳህሌ በአዳራሹ ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። በዙሪያቸው የግብፅ፣ የባቢሎንና የከነዓን አማልክት፣ አንዱ አንገቱን ሌላው ክንዱን አጥቶ፣ ተሰባብረው ወድቀዋል። ሁሉም ሸክላ ናቸው፤ ሁሉንም በገዛ እጃቸው የሠሯቸው ሟቹ ነበሩ።

አዳራሹ አትላንታ፣ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ፣ ከጋሽ ሀምዛ ምግብ ቤት ጀርባ ይገኛል። ለሠርግም ለልቅሶም ይከራያል። ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሀምዛ በሩን ከፍተው ሲገቡ ሬሳውን አዩና ወደ ኋላ ተመለሱ። ውጪ ቆመው ፖሊስ ጠሩ። ከዚያ ወዲያ ደጃፉን አልረገጡም።

ካውንቲው የላከው ዲቴክቲቭ ነዚፋን ነበር። ነዚፋ ደሴ ተወልዳ ስኮትዴል አፓርታማ ውስጥ ያደገች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ሌሎች መርማሪዎች የተሰበረውን ሲለቅሙ እሷ ሳይነካ የቀረውን መፈለግ ልማዷ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተዘርግተዋል። የግራው ባዶውን ቀርቷል፤ በላዩ የነበረው ሁሉ መሬት ላይ ነው። በቀኙ ግን አንድም ነገር አልተነካም። ሁለት ጽላት፣ ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ፣ በሁለት ክንፋሞች መካከል ማንም ያልተቀመጠበት ዙፋን፣ ከዙፋኑ አጠገብ ደግሞ ወርቅማ ቀለም የተቀባ የሸክላ ጥጃ ቆመዋል።

ነዚፋ ወደ በሩ ተመልሳ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አየችው። «የጥንት ዕብራውያን እምነት ከጎረቤቶቹ በምን ተለየ? በመምህር ሳህሌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት» ይላል። ፎቶግራፉ አምና ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ ነው። እዚያ ላይ ጥጃው ያለው በግራው ጠረጴዛ፣ ከከነዓኑ አምላክ ከበኣል ጎን ነበር።

ሐኪሙ መምህሩ ሐሙስ ምሽት እንደሞቱ፣ የተመቱትም ከጀርባ በማይክሮፎን መቆሚያው የብረት እግር እንደሆነ ነገራት። ብረቱ ተጠርጎ ተቀምጧል። ሬሳውን ሲያነሱት ነዚፋ ተንበረከከች። ከሥሩ ያለው ወለል አንዲት የሸክላ ቅንጣት አልነበረበትም። በዙሪያው ግን ስባሪው በረጋው ደም ላይ ወድቋል፤ ቀዩ ዱቄትም ደሙን ሸፍኖታል።

«ከውስጥ ያያችሁትን ለማንም አትንገሩ» አለች ለባልደረቦቿ። «ለሚጠይቃችሁ ሰውየው ሞተዋል፣ ሐውልቶቹ ተሰባብረዋል በሉ። በዚህ ይብቃ።»

ያም ቢሆን እሳት ለመጫር በቂ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን በየስልኩ ወሬው ተዳረሰ። ግማሹ ሰው ጣዖት ሰባሪው ወንጌላዊ ሙላው ነው አለ፤ ግማሹ ጋሽ ሀምዛ ናቸው አለ። አንድ ሰው የምግብ ቤቱን መስኮት በእንቁላል መትቶ ሄደ።

ነዚፋ ጋሽ ሀምዛን ያገኘቻቸው ያንኑ መስኮት ሲያጥቡ ነው። ከወሎ ወጥተው ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቁጡ ሰው ናቸው። እጃቸውን ሳያደርቁ አንድ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ከመምህር ሳህሌ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለች።

«ተጣልቻለሁ። አዳራሼ ውስጥ ጣዖት ሊደረድር መሆኑን የነገረኝ እሺ ካልኩት በኋላ ነው። ቃሌን ላጥፍ አልችልም፤ ግን ጠላሁት።»

«ልስበራቸው ብለው አስበው ያውቃሉ?»

«አስቤያለሁ። ማሰብ ያሳስራል እንዴ?» ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወሩት። «የደሴ ልጅ ሆነሽ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ነው የመጣሽው። የራሷን ሰው ካሰረች አዳላች አትባልም ብለሽ ነው አይደል?»

«መጀመሪያ የመጣሁት ሬሳውን ያገኙት እርስዎ ስለሆኑ ነው ጋሽ ሀምዛ። የጀርባው በር ካሜራ የለውም። ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ብቻ። ሳህሌ ከውስጥ ቆልፎ ነበር የሚሠራው፤ ሊረብሸው የሚመጣ ስለማይጠፋ።»

«ቢሰብሩ ኖሮ ከየትኛው ይጀምሩ ነበር?»

ጥያቄው እንደ ስድብ ተሰማቸው። ቢሆንም መለሱ። «ከጥጃው። ሙሳ ተራራ ላይ ሳለ ሕዝቡ የሳተው በሱ አይደል? ከልጅነቴ ስሰማው ያደግኩት ነው።»

ልትሄድ ስትነሳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐሙስ ዕቃውን ሲያስገባ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ‹ከቅዳሜ በኋላ አንድ የምወደው ሰው አያናግረኝም› አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እኔን እንዳይደለ ግን አውቃለሁ፤ እኔን አይወደኝም።»

ወንጌላዊ ሙላው ስቶን ማውንቴን ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ከሳምንት በፊት በፌስቡክ ቀጥታ ስርጭት «ያንን የጣዖት ገበያ የሚያደቅ ሰው ይነሣ» ብሎ ነበር። ነዚፋ ስትገባ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ተቀመጪም አላላትም።

«የወገንሽን ሰው ለማዳን ነው እኔ ጋ የመጣሽው።»

«ሟቹም እኔም እርስዎም ወገን ነን፣ ወንጌላዊ።»

«የምለው ይገባሻል።»

«ይገባኛል። መምህር ሳህሌን ለምን ጠሏቸው?»

«እኔ ሰውን አልጠላም፤ ትምህርቱን ነው። የዕብራውያን እምነት ከሌላው የተለየው በአንድ ቀን አይደለም፣ በብዙ ትግል ነው እያለ ሲያስተምር ዝም ልበል? ሰዎቹ በየቤታቸው የሸክላ ሴት አምላክ ነበራቸው ይላል። ሴቶቹ ለሰማይ ንግሥት እንጎቻ ይጋግሩ ነበር ይላል።»

«ነቢያቱ ሕዝቡን በዚሁ ጉዳይ አልገሠጹም?»

ሙላው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ገሥጸዋል። ነገር ግን ነቢይ የሚናገረው እያለቀሰ ነው። ሳህሌ እየሳቀ ነበር የሚያወራው።»

«እነዚያን ሐውልቶች የሚሰብር ሰው ከየትኛው ይጀምራል?»

«ከጥጃው ነዋ። ይህ ምን ጥያቄ አለው?»

«ሐሙስ ምሽት የት ነበሩ?»

«ጸሎት ላይ። ምእመናኑን ጠይቂ።»

ጠየቀቻቸው። ጸሎቱ ሳያልቅ ወጥቶ መሄዱን ሁለት ሴቶች ሳይወዱ ነገሯት።

የመምህሩ ቤት ስኮትዴል ነው። ልጃቸው ሚካኤላ መሃል ከተማ የምትሠራ ጠበቃ ናት። ጋራዡ ውስጥ፣ የሸክላ መተኮሻው ምድጃ አጠገብ፣ ኮቷን እንደለበሰች ቆማለች። ያለቀሰች አትመስልም፤ የተናደደች ትመስላለች።

«ሊሰን» አለች። «ከዚህ ኮሚዩኒቲ ማንንም ማየት አልፈልግም። ገድላችሁት አሁን ፖስት እያደረጋችሁ ነው። አንቺም ያው ነሽ።»

«ላንቺ የሚሻለው ገዳዩን ማግኘቴ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርሻቸው መቼ ነው?»

ሚካኤላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ያላለቁ ሐውልቶች ተደርድረዋል።

«ሐሙስ ኮል አደረገልኝ። ላይክ፣ ወራት ሳንነጋገር ቆይተን። እናቴን ትቷት ነው የሄደው፤ ያንን ታውቂያለሽ? አንዴ እንኳን ሶሪ ብሎ አያውቅም። ሐሙስ ግን ደወለና ‹ሚኪዬ፣ ለብዙ ዓመት ተሳስቼ ነበር› አለኝ። በመጨረሻ ሊለው ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ጥጃውን ወደ ቀኙ ጠረጴዛ አዛወርኩት። ልጁ ልክ ነበር› አለኝ። ስለ ከብት ነው የሚያወራው። ሀንግ አፕ አደረግኩበት፤ ዘጋሁት።»

«ልጁ ማነው?»

«አልጠየቅኩትም።»

ነዚፋ አንዱን ሐውልት አንሥታ ገለበጠችው። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ በጭቃው ላይ እንደታተመ ተተኩሷል። ሌላውንም አነሣች፤ ያው ነው።

«ሁሉም ላይ አለ» አለች ሚካኤላ። «ፊርማው ነው። ልጅ ሆኜ የኔንም ከጎኑ ያስደርገኝ ነበር።»

ዶክተር ኤልቃና አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ምሁር ነው። ወጣት ሳለ ያንን ጋራዥ እንደ ትምህርት ቤት ተመላልሶበታል፤ አሁን በአንድ ኮሌጅ የጥንት ሃይማኖቶችን ያስተምራል። ቤቱ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ነው፤ ነዚፋን የተቀበላት ግን በኮሌጁ ቢሮው፣ በግድግዳው ሙሉ መጻሕፍት መካከል ነበር። ሐዘኑ የተስተካከለ፣ ንግግሩ የታሸ ነው።

«እንደ አባቴ ነበር» አለ። «ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ በመጨረሻ አንተያይም ነበር።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ለፖሊስ ማስረዳቱ ያስቸግራል።»

«ይሞክሩት።»

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው የንቀት ነው። «ባቢሎናዊው አማልክቱ ይወለዳሉ፣ ይጋባሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይራባሉ። ሰው የተፈጠረው እነሱን ሊመግብ ነው። ግብፃዊው ፀሐይን ያመልካል፣ ንጉሡን ያመልካል፣ ሙታኑን ይቀልባል። ዕብራዊው ዘንድ ስትደርሺ አምላኩ ልደት የለውም፣ ሚስት የለውም፣ ምስል የለውም። ፀሐይና ጨረቃ ሰማይ ላይ የተሰቀሉ መብራቶች ናቸው። ንጉሥ እንኳን ድሃ ሲበድል ነቢይ ይጮህበታል። በዚህ እኔና ሳህሌ አንለያይም።»

«ታዲያ የምትለያዩት?»

«መቼ ጀመረ በሚለው። ሳህሌ ቀስ በቀስ የመጣ ነው ይላል። እኔ ከመጀመሪያው ነበር እላለሁ። ማስረጃዬ ጥጃው ነው። ሰው ሁሉ ጥጃውን ጣዖት ያደርገዋል። የዚያ አገር አማልክት ግን በበሬ ጀርባ ላይ ቆመው ነበር የሚሣሉት። ዕብራውያን በሬውን ሠሩት፣ ጀርባውን ባዶ ተዉት። የማይታየው መቆሚያ ነው። ባዶ ወንበር ነው፣ ልክ እንደ ቤተ መቅደሱ ዙፋን።»

«ለዚህ ምን አገኙ?»

አሁን ዓይኑ በራ። የጻፈውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ ሽፋኑን አሳያት፤ የትንሽ ሸክላ በሬ ፎቶ ነው። «የጥንት ዕቃ ከሚሰበስብ አንድ ቤተሰብ እጅ የተገኘ። ሦስት ሺህ ዓመት ሊጠጋው ይችላል። ጀርባው ላይ ምንም ተያይዞበት እንደማያውቅ ታያለሽ። ከሥሩ ደግሞ የሠሪው አውራ ጣት አለ። ይህን ባየሁ ቁጥር ያ ሸክላ ሠሪ እጁን የሚሰጠኝ ይመስለኛል። ኮሌጁ ዋናው አዳራሽ ውስጥ በመስተዋት አስቀምጦታል።»

ነዚፋ ፎቶውን ትኩር ብላ አየችው። «ያምራል» አለች። «የመምህሩን ሐውልቶች የሰበረው ማን ይመስልዎታል?»

«ሙላው ወይም ሀምዛ። ምን ልዩነት አለው? ሁለቱም ምስል ባዩ ቁጥር ደማቸው ይፈላል። ሙላው ግን የራሱን አምላክ ዙፋን አይመታም።»

«ሙላው ከሆነ ጥጃውንስ ይተወዋል?»

«ጥጃው ከዙፋኑ ጎን አይደል ያለው?» አለ ኤልቃና፣ መጽሐፉን ወደ ቦታው እየመለሰ። «ያኛውን የነካ አይመስለኝም፤ ያኛው የዕብራውያን ጠረጴዛ ነው።»

«ሐሙስ አዳራሹ ሄደው ነበር?»

«በፍጹም። ቤቴ ለክፍል እየተዘጋጀሁ ነበር። አምና ያየሁት ይበቃኛል።»

ነዚፋ አመስግናው ወጣች። ከቢሮው ወርዳ ዋናው አዳራሽ ገባችና መስተዋቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ የኮሌጁን ኃላፊ ቢሮ አስከፍታ ገባች።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ንግግሩ ሊሰጥ በታሰበበት ሰዓት፣ አራቱም በነዚፋ ጥሪ ወደ አዳራሹ መጡ። ወለሉ ታጥቧል። የቀኙ ጠረጴዛ እንደነበረ ነው። ጋሽ ሀምዛ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሙላው ከሳቸው የራቀውን ወንበር መረጠ። ሚካኤላ አልቀመጥም ብላ ግድግዳ ተደገፈች። ኤልቃና ከፊት ተቀምጦ እግሩን አጣጠፈ። ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ፖሊሶች በጀርባው በር ቆሙ።

«ምን ዓይነት ቲያትር ነው ይሄ?» አለ ሙላው። «እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አልቀመጥም።»

«በሩ ክፍት ነው፤ ውጣ» አሉ ጋሽ ሀምዛ። «ቤቱ የኔ ነው።»

«ሁለታችሁም ትቆያላችሁ» አለች ነዚፋ። «ሁለታችሁንም ሰው ነፍሰ ገዳይ እያለ ነው። ስሙኝ።»

በባዶው የግራ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ሰው ሁሉ የሚያወራው ጣዖት ሰባሪ መጣ፣ መምህሩ ሊከላከሉ ሞከሩ፣ ሞቱ የሚለውን ነው። ይህ ሐሰት ነው። ከሬሳው ሥር አንዲት ስባሪ አልነበረችም። ስባሪው ያለው ከደሙ በላይ ነው። መጀመሪያ ሰው ሞተ፤ ሐውልቶቹ የተሰበሩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ማለት መስበሩ ለኛ ዓይን የተዘጋጀ ነው። ገዳዩ ሃይማኖተኛ ሰው አበደ ብለን እንድናምን ፈለገ።»

«እኔን ሊያስጠረጥር» አለ ሙላው።

«ወይም ጋሽ ሀምዛን። ከሁለት አንዳችሁ ብትያዙ ለሱ ያው ነበር። አሁን ወደ በሩ ልምጣ። የፊቱን በር የምግብ ቤቱ ካሜራ ያያል፤ ማንም አልገባበትም። የጀርባው በር አልተሰበረም። ስለዚህ ወይ ቁልፍ ያለው ሰው ገብቷል፣ ወይ መምህሩ ራሳቸው ከፍተዋል። ቁልፍ ያላቸው ጋሽ ሀምዛ ምሽቱን ሙሉ ምግብ ቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ ካሜራው ከባለቤታቸው ጋር መኪና ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ያሳያቸዋል። ስለዚህ መምህሩ ከፍተዋል። ለማን? ወንጌላዊ፣ ሐሙስ ጸሎቱን አቋርጠው የት ሄዱ?»

ሙላው ቀላ። ከዚያ በዝግታ ተናገረ። «እዚህ። የጀርባውን በር ደበደብኩት። ልናገረው ፈልጌ ነበር፤ ልመታው አልነበረም። ‹ወደ ቤትህ ሂድ፣ ቅዳሜ ከሰው ጋር ና› አለኝ ከውስጥ። አልከፈተልኝም። ሄድኩ።»

«ለምን ዋሸህ?» አሉ ጋሽ ሀምዛ።

«አንተ ብትሆን አትዋሽም?»

«መምህሩ ለወንጌላዊው እንደማይከፍቱለት አምናለሁ» አለች ነዚፋ። «ሌላም ማስረጃ አለኝ፤ እሱም እዚያ ቆሟል።» በእጇ ወደ ቀኙ ጠረጴዛ አመለከተች።

ሁሉም ጥጃውን አዩት።

«ጋሽ ሀምዛን ከየትኛው ይጀምሩ ነበር አልኳቸው፤ ከጥጃው አሉ። ወንጌላዊውን ጠየቅኩ፤ ከጥጃው አለ። በብዙ ነገር የማይስማሙ ሁለት ሰዎች በዚህ ተስማሙ፤ ሁለቱም ያደጉት የጥጃውን ታሪክ እየሰሙ ነው። ሃይማኖተኛ ሰው አብዶ እዚህ ቢገባ መጀመሪያ ዱቄት የሚሆነው እሱ ነበር። ግን በሁሉም መካከል ሳይነካ የቀረው እሱ ነው። ሰባሪው የዕብራውያንን ጠረጴዛ ልተው፣ አማኝ የገዛ አምላኩን ዕቃ አይሰብርም ብሎ አሰበ። ጥሩ አስቧል። አንድ ነገር ብቻ ረሳ፤ ተራ አማኝ ጥጃውን ከአምላክ ዕቃ አይቆጥረውም። ጥጃውን አይቶ ጣዖት የማይታየው፣ ባዶ ወንበር የሚታየው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ነው።»

ኤልቃና ሳቀ። «በአመለካከቴ ልታስሪኝ ነው? የኔን ሐሳብ የሚጋሩ ምሁራን በየአገሩ አሉ።»

«አሉ። ሐሙስ ግን አትላንታ አልነበሩም። ዶክተር፣ ጥጃው ከዙፋኑ ጎን መሆኑን እንዴት አወቁ?»

«ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያስቀምጠው።»

ሚካኤላ ከግድግዳው ተላቀቀች። «ኖ» አለች። «ሐሙስ ነው ያዛወረው። ነግሮኛል።»

«አምናም፣ ከዚያም በፊት፣ ማስታወቂያው ላይም ጥጃው ከበኣል ጎን ነበር» አለች ነዚፋ። «እርስዎ አምና ያየሁት ይበቃኛል ብለውኛል። ወደ ቀኝ የዞረው ሐሙስ ምሽት፣ በሩ ከተቆለፈ በኋላ ነው። ይህን ያወቁት ስልክ የተደወለላት ሚካኤላና ገዳዩ ናቸው።»

«ሀምዛ ነግሮኝ ይሆናል። ወሬው በየቦታው ነው።»

«እኔ ያየሁት ሬሳ ነው» አሉ ጋሽ ሀምዛ። «ጠረጴዛ አላየሁም። ካንተ ጋርም ተነጋግሬ አላውቅም።»

ኤልቃና ያጣጠፈውን እግር ፈታ። «ለምን እገድለዋለሁ? በክርክር ሰው ይገደላል?»

«በክርክሩ አይደለም፤ በማስረጃው ነው። የመጽሐፍዎ ሽፋን ላይ ያለው በሬ ከሥሩ የሸክላ ሠሪ አውራ ጣት አለበት ብለውኛል። ኮሌጁ ፈቅዶልን ትናንት አሻራውን አነሳን። የሬሳውንም የጣት አሻራ ሐኪሙ ወስዶ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሦስት ሺህ ዓመት የተባለው በሬ የተሠራው በመምህር ሳህሌ እጅ ነው። ተማሪ ሳሉ ከጋራዡ ወሰዱት፣ በአመድና በሻይ አስረጁት፣ ስምዎን በላዩ ገነቡ። በቅርቡ መምህሩ ኮሌጁ መጥተው በመስተዋቱ ውስጥ እንዳዩት ኃላፊው ነግረውኛል። ሰው የገዛ ሥራውን አይስትም። ቅዳሜ ሊናገሩ ነበር። ለጋሽ ሀምዛ አንድ የምወደው ሰው አያናግረኝም ያሉት ስለ እርስዎ ነው። ሐሙስ እርስዎ በሩን ሲያንኳኩ የከፈቱትም ስለሚወዱዎት ነው።»

የኤልቃና ፊት መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ።

«ለመንኩት» አለ በመጨረሻ። «ተንበርክኬ ለመንኩት። ከተናገርክ ሥራዬም ስሜም ያልቃል አልኩት። ‹በሬውን አንሣው፣ ሐሳብህን እንዳለ ተወው› አለኝ። ምን ማለት ነው? በሬው ከሌለ ሐሳቡን ማን ይሰማኛል? ዞሮ መቅረዙን ማስተካከል ጀመረ። እንደ ተራ ተማሪ ቆጥሮ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ሐሳቡን ተቀብሎት ነበር» አለች ሚካኤላ።

ኤልቃና ቀና ብሎ አያት።

«ስልክ ላይ የነገረኝ እሱን ነበር። ለብዙ ዓመት ተሳስቻለሁ፣ ልጁ ልክ ነበር አለ። ጥጃውን ያዛወረው ላንተ ነው። ቅዳሜ እዚህ ቆሞ በሰው ፊት ሊለው ነበር። ፌኩን በሬ ሊያጋልጥ፣ አንተን ግን ልክ ነው ሊል። ይሄ አይገባህም?»

ዶክተር ኤልቃና ፊቱን ወደ ቀኙ ጠረጴዛ አዞረ። «‹ጥጃውን አየኸው?› ብሎኝ ነበር» አለ። «እንደገባሁ። እየሣቀ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። አልመለስኩለትም።»

ፖሊሶቹ መጥተው አስነሡት። ሲያስሩት አልታገለም። ሚካኤላ በአጠገቧ ሲያልፍ ልትመታው እጇን አነሣች፤ ነዚፋ ክንዷን ያዘቻት። እጇ ግን ወዲያው በራሱ ወረደ።

«እኔም ስልኩ ላይ አላስጨረስኩትም» አለች ሚካኤላ ለማንም ሳይሆን።

ሙላው ተነሥቶ ኮሌታውን አስተካከለ። ወደ በሩ ሲሄድ ጋሽ ሀምዛ ፊት ቆመና የሚናገር መሰለ። ጋሽ ሀምዛ ጠበቁት። ሙላው አልፏቸው ወደ ደጃፉ አመራ።

«ወንጌላዊ» አሉ ከኋላው። «ዛሬ ማታ ቀጥታ ስርጭት ትገባለህ?»

«እገባለሁ።»

«እንግዲያው መስኮቴን ማን እንደመታው ባላውቅም፣ ሰው ያልገደልኩ መሆኔን ንገርልኝ።»

ሙላው ደጃፉ ላይ ትንሽ ዘገየ። «እናገራለሁ» አለ ሳይዞር። ከዚያ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ውጪ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ ንግግሩ መቅረቱን ያልሰሙ ሰዎች መሰብሰብ ጀምረው ነበር። አንዳንዱ ሊሰማ፣ አንዳንዱ ሊሳደብ የመጣ ነው። ነዚፋ ልትበትናቸው ስትወጣ ሚካኤላ ቀደመቻት። በሩን ይዛ ቆመችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ መምህር ሳህሌ መሞታቸውን፣ ቀብራቸው ማክሰኞ መሆኑን፣ የሚወዳቸውም የሚጠላቸውም ሰው መምጣት እንደሚችል ነገረቻቸው።